ወደ ምዕራብ የዞሩት መስኮቶች

ሰበታ፣ የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለሙሉዬ፣
ጅቡቲ

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ሥራሽ የቀና፣ ሌሊትሽም እንቅልፍ ያለው እንዲሆን እለምናለሁ። እኛ በቸርነቱ አለን። እናትሽ ከጎኔ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ነው፤ ቀና ብላ፣ "ከስታ እንዳላያት በይልኝ" ብላለች።

መልሴ የዘገየው ደብዳቤ በሚያመላልስልን ሹፌር በዳዊት ጥፋት አይደለም። የጫነውን ለፋብሪካው አራግፎ ወደ ጅቡቲ ሊመለስ ሲል ከዓለም ገና ወዲህ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ መኪናውን አቁሞ ሁለት ቀን እኛው ሰፈር አደረ። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ወር ሞላው፤ ሰዉ ግን ገና አላመነም። ሱቆች ጠዋት ይከፈታሉ፣ አንድ ሰው ሲሮጥ ከታየ ይዘጋሉ። እኔም ለለቅሶ ወደ ቡራዩ ልሄድ ተነስቼ ከአስፋልቱ ተመልሻለሁ። ለእኛ ግን አታስቢ፤ ሰፈራችን ከአስፋልቱ ገባ ያለ ነው።

ስለ ቤትሽ ልንገርሽ። እናትሽ ለጥምቀት ገብታበታለች። ብሎኬቱ ተለስኗል፣ ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ሆኗል፣ ሰማያዊው ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል። የሳሎኑ ፊት መስታወት በመስታወት ስለሆነ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ማዶ ያሉት ጎረቤታችን ኦቦ ኢተፋ ገብተው መርቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ብነግርሽ ይሻላል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ቤቱ ይግላል። ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ መስታወቶቹ የከሰዓቱን ፀሐይ ተቀብለው ሳሎኑን እንደ ዳቦ ቤት ያደርጉታል። ስለዚህ እማዬ ምሳዋን እንደበላች ጥላዋን ዘርግታ ወደ እኔ ጭቃ ቤት ትመጣለች። መደቡ ላይ ከጎኔ ጋደም ትልና እስኪመሽ ትቆያለች። አንዳንዴም ከጎኔ ታድራለች። እኔ አልጠራኋትም፤ ራሷ ናት የምትመጣው። ኦቦ ኢተፋ መንገድ ላይ ሲያገኟት "አካም ጅርታ አዴ ገለቴ፣ ቪላውን ለእንግዳ ትተሽ መጣሽ?" እያሉ ያስቋታል።

ቅር እንዳይልሽ። ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አንብቤላታለሁ።

እህትሽ ደስታነሽ


ጅቡቲ፣ የካቲት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእህቴ ለደስታነሽ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አሁን የብርድ ወቅት ነው ይላሉ፤ ብርድ የሚሉት ላብ ከአገጭ ሳይንጠባጠብ የሚዋልበትን ጊዜ ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአንድ ወረቀት ውስጥ ሦስት ጊዜ "ከጎኔ" ብለሻል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ "እማዬ" ብለሻል። እጅሽ ስቶ ከሆነ ይሁን። ካልሆነ ግን ላስታውስሽ፣ ለአንቺ አክስትሽ ናት። እናትሽ ስትሞት ወስዳ አሳደገችሽ፣ ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ አስተኛችሽ፤ በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እናት መባሉን ግን ለእኔ ተዪልኝ፤ ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ያንን ቤት ለመሥራት አስራ አንድ ዓመት በሰው ወጥ ቤት ቆሜያለሁ። ንድፉን የሣልኩት በራሴ እጅ ነው። የማዳም ቤት በባሕሩ በኩል ትልልቅ መስታወት አለው፤ ከሰዓት ሲከፈት ነፋሱ ገብቶ መጋረጃውን እስከ ጣሪያው ያነሳዋል። ሽንኩርት እየከተፍኩ በበሩ አየውና፣ እናቴን እንዲህ ያለ ነፋስ ይምታት እል ነበር። ልክ እንደዚያው አድርጌ ሣልኩት። አሁን አንቺ ዳቦ ቤት ነው ትይኛለሽ፣ ኦቦ ኢተፋም የሚስቁበት አገኙ። ሰው ምን ይላል? ልጇ ቪላ ሠርታላት በሰው ጭቃ ቤት ትውላለች ይላል።

ነፍሱን ይማረውና፣ ባልሽ ገብረየስ ቤት ሲሠራ ጭቃውን የምታቀብይው አንቺ ነበርሽ። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ስንት ቤት አብራችሁ መርጋችኋል። ስለዚህ ታውቂያለሽ። ቤቴ ምን እንደጎደለው በግልጽ ጻፊልኝ። እስከዚያው በዳዊት ቬንትሌተር ልኬያለሁ፤ መኝታ ቤቷ ይቀመጥላት።

ሙሉ


ሰበታ፣ መጋቢት 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

ጾሙን በጤና እንዲያስፈጽመን፣ አንቺንም በሰው አገር ከክፉ ሁሉ እንዲሰውርሽ እየጸለይኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ቬንትሌተሩ በደህና ደርሷል። ዳዊት ራሱ ከካርቶን አውጥቶ ገጠመው። እናትሽ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ "ልጄ ነፋስ በካርቶን አሽጋ ላከችልኝ" ብላ ሰፈሩን ጠርታ አሳየች። ነገር ግን በዘጠኝ ሰዓት ሲከፈት የሚያመጣው ያንኑ የጋለ አየር ነው። የመብራቱን ካርድም ቶሎ ይጨርሳል። መብራትም በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይጠፋል። አሁን ሻርፕ አልብሳው ጥግ ቆሟል።

ስለ ብሎኬት ቤት የጠየቅሽኝን ምን ብዬ ልመልስ? ገብረየስ የጭቃ ሰው ነበር፤ እኔም የማውቀው ጭቃ ነው። የእኔ ቤት ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል፣ ጭዱ በደንብ የቦካ ነው። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ፊታቸውም ወደ ፀሐይ መውጫ። ከቆርቆሮው ሥር የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ ደርድሮ በጭቃና በጭድ መርጎበታል፤ ከጣሪያው ጫፍ ላይ የሞቀው አየር የሚወጣበት ክፍተት ትቷል። እኔ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ በርና መስኮቱን ከፍቼ ብርዱን አስገባለሁ፣ በሦስት ሰዓት እዘጋዋለሁ። ከዚያ በኋላ ውጭው ቢነድም ውስጡ የጠዋቱን ብርድ ይዞ ይውላል። ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ጋዜጣ እንኳን አንዱም አልተላጠም። ፊደሉን ከአንቺ ደብተር ከለየሁ በኋላ ማንበብ የለመድኩት ከዚያ ጋዜጣ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ እናትሽ ጋደም ብላ "የበሩን ጥግ አንብቢልኝ" ትለኛለች፣ የሃያ ዓመት ወሬ አነብላታለሁ።

ይህ ሁሉ ግን የደሃ ቤት ብልሃት ነው፤ ለቪላ አይሆንም። "እማዬ" ያልኩትም ከልማድ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ደስታነሽ


ጅቡቲ፣ መጋቢት 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለደስታነሽ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? የጠየቅኩሽ ስለ ቤቴ ነው፣ የመለስሽልኝ ስለ ቤትሽ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ግድግዳሽን አሞገስሽልኝ፤ እኔ ልገዛው ነው እንዴ?

እኔ የምኖርበትን ጽፌልሽ ስለማላውቅ አሁን ልጻፍልሽ። አንድ ክፍል ናት፣ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራች። ሙቀቱ ሲመጣ አንሶላ ነክሬ በሩ ላይ እሰቅላለሁ፣ ወለሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ የምጠጣውን ውሃ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ጥላ ሥር አኖረዋለሁ። መብራት ውድ ስለሆነ አንድ አምፖል ብቻ ነው ያለኝ። የማዳም ማቀዝቀዣ ግን ሰው በሌለበት ክፍል ሲያጉረመርም ይውላል፤ ሳጸዳ ሆን ብዬ እዚያ ክፍል እቆያለሁ። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ የእናቴን ሳሎን አስባለሁ። እሷ መካከል ላይ ተቀምጣ፣ መጋረጃው ሲነሳ። እስካሁን በዚያ ሳሎን ውስጥ ነበረች። አንቺ ነሽ በደብዳቤ ያስወጣሻት።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጽፍልሽ ነው፣ ይህን ለእሷ አታንብቢላት። በ1995 ዓ.ም. እንዲህ ብዬ ጽፌላት ነበር፦ "እማዬ፣ በቃኝ። ልምጣ? ነይ ካልሽኝ በሳምንቱ እነሳለሁ።" ያነበብሽላት አንቺ ነሽ፣ የመልሱም ጽሕፈት ያንቺ ነው። "እዚህ ሥራ የለም፣ ባለሽበት ቆይተሽ ሥሪ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬን ወደ ሰበታ አላነሳሁም። በስልክም እንዳልጠይቃት ጆሮዋ በስልክ አይሰማላትም፤ ቢሰማላትም አፌ አይደፍርም ነበር። እሺ፣ ያኔ እኔን አልፈለገችኝም። ቤቴን ደግሞ ለምን አትፈልገውም?

ይኸኛውን ግን አንብቢላት፦ "እማዬ፣ የምትወጂኝ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ቀን ቀን በቤትሽ ዋይልኝ። ሰው ቤት አትዋይ።"

ሙሉ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

በመጀመሪያ፣ እናትሽ በሕይወት አለች። እዚህ ላይ ተንፍሺና ከዚያ ቀጥዪ።

ያልሽውን ቃል በቃል አነበብኩላት። "ይሁን፣ ልጄ ካለች" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ እኔ አልመጣችም። እኔ ምሳዋን በሰሃን ይዤ ስሄድ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ራሷ ላይ ጥላ አገኛት ነበር።

ባለፈው ዓርብ በአስፋልቱ በኩል ረብሻ ስለነበር ድንጋይ እንዳይመጣባት ፈርታ መስኮቱን ሁሉ ዘጋች። እኔም ከግቢዬ ሳልወጣ ቆየሁ። በዘጠኝ ሰዓት ስሄድ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቆዳዋ ደርቆ ይፋጃል፣ ዓይኗ ተከፍቶ አላወቀችኝም። አንቺን ትጠራለች፤ ትምህርት ቤት ረፍዶብሻል ትላለች። ባጃጅም ጋሪም በመንገድ አልነበረም። ቤቱን የሠራልን ግንበኛው ዱባለ አዝሏት ክሊኒክ ድረስ ሮጠ። ግሉኮስ ተሰቀለላት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም ሰውነቷ ውሃ አልነበረውም። ሐኪሙ ዕድሜዋን ጠየቀኝና፣ "ሙቀቱ ከደገማት አትተርፍም" አለ።

አሁን እኔ ዘንድ ተኝታለች። ሾርባ መጠጣት ጀምራለች። የምጽፈው ብዙ ነገር ነበረኝ፤ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ደስታነሽ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ደስታነሽ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም። የሠራሁት ቤት እናቴን ሊገድላት ነበር። ያዘዝኳትም እኔ ነኝ። ይህን ሌሊት ተቀን ለራሴ ስለምነግረው አንቺ አትድገሚልኝ።

ቤቱ ይሸጥ። እሷን ወደ እዚህ አስመጣታለሁ። ለዳዊት ነግሬዋለሁ፣ ሊሴ ፓሴ የሚሉትን የድንበር መሻገሪያ ወረቀት ያስወጣላታል፤ በግንቦት መጨረሻ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ያመጣታል። ጅቡቲ ሙቀት ነው እንዳትይኝ። ሙቀት ከሆነ አብረን ይሙቀን። አንሶላውን እኔ እነክርላታለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አራግብላታለሁ።

አንቺ ጠግበሻታል። እኔ ፊቷን ካየሁ አስራ አምስት ዓመት ሞላኝ። ያን ጊዜ ጥርሷ ሙሉ ነበር፤ አሁን ስንት እንደቀራት እንኳን አላውቅም፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ልብሷን አጥበሽ አዘጋጂልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።

ሙሉ


ሰበታ፣ ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለሙሉዬ፣

ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ሰላምታዬን መልሰሽ ልትልኪልኝ ትችያለሽ፤ ቢሆንም ጤናና ዕድሜ እመኝልሻለሁ።

አክስቴን አትውሰጃት። ለእኔ ብዬ የምለው ይመስልሻል፣ አልፈርድብሽም። ነገር ግን የጅቡቲን ሰኔና ሐምሌ ከአንቺው ደብዳቤዎች ለሃያ ዓመት አንብቤዋለሁ። የሐኪሙን ቃል ከዚያ ጋር አስቢው። ከእኔ ልትወስጃት ከፈለግሽ በቤትሽ ትኑር፤ ቤትሽ አሁን ይቀዘቅዛል። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፣ ሌላም የምነግርሽ አለ።

ንድፍሽን ዳዊት ያመጣልኝ በ2006 ሚያዝያ ነው፣ ስለ ማስተር ፕላኑ ሰልፍ የተጀመረ ሰሞን። ወረቀቱን ገና እንደዘረጋሁት አየሁ፦ ትልልቆቹ መስኮቶች በሙሉ ወደ ምዕራብ የዞሩ ናቸው። እዚያ ባሕር ነው ያለው፤ እዚህ ግን ያለው የከሰዓት ፀሐይ ብቻ ነው። ገብረየስ አንድም ቀን በዚያ በኩል ትልቅ መስኮት አውጥቶ አያውቅም። ዱባለ መሠረቱን ሊቆፍር ሲል እሱም ግራ ገብቶት፣ "እናቴ፣ እውነት ወደዚህ ነው የሚዞረው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እንደ ወረቀቱ ሥራው" አልኩት።

አላወቅኩም ልልሽ አልችልም። ባማረው ቤትሽ ቀንቼ ነበር። ሰማያዊው ቆርቆሮ ከመውጣቱ በፊት ጀምሮ ቀንቼ ነበር። ደግሞም አክስቴ እዚያ ከገባች እኔ ዘንድ እንደማትመጣ አስቤአለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ጎደለው ብለሽ ስትጠይቂኝ ሁሉንም ጻፍኩልሽና መጨረሻው ላይ ለቪላ አይሆንም አልኩሽ። ይሆናል። ለማንኛውም ቤት ይሆናል።

እሷ እኔ ዘንድ ተኝታ ሳለ ዱባለን ጠራሁት። በሁለቱም ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ሦስት ሦስት ብሎኬት አውጥቶ ወንፊት ሽቦ ገጠመበት፤ የሞቀው አየር በዚያ ይወጣል። ኦቦ ኢተፋ ከተጂ በጋሪ ጭድ አስመጡልን፤ ከቆርቆሮው ሥር እንደ እኔ ቤት አድርገን መረግንበት። ስመርግ ገብረየስ ከሞተ ወዲህ ጭቃ እንዳልነካሁ ትዝ አለኝ። ቆርቆሮሽን ከላይ በኖራና በጨው ቀባነው፤ ሰማያዊው ስለጠፋ አዝናለሁ፣ ከሩቅ ግን አሁንም ይታያል። ዝናብ ሲያጥበው በየዓመቱ መቀባት አለበት። መስኮቶቹን ማዞር አልተቻለም። ስለዚህ ከውጭ በኩል በእንጨት ወጥረን ሰሌን ሰቀልንባቸው። መጋረጃሽ ከውስጥ ስለሆነ የሚከለክለው ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነበር። በዚያው በኩል ሲሚንቶውን አፍርሰን ግራዋ ተከልን፤ ዱባለ ደግሞ በአገሩ ልማድ ኮባ ጨመረበት። ፍሪጁን ከመኝታ ቤቷ አወጣሁት፣ ጀርባው ቀን ከሌት ያሞቅ ነበር። ቬንትሌተሩም ቀን አይሠራም። ጎሕ ሲቀድ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አንድ ሰዓት ያህል የውጩን ብርድ እንዲስብ ይደረጋል፤ በሳምንት ያልቅ የነበረው ካርድ አሁን አልጠይቅ ብሏል።

ሥራው ያለቀ ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ብቻዬን ገብቼ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ከእኔ ቤት ይበልጣል። በገዛ እጄ በሠራሁት ነገር ደግሜ ቀናሁ።

አሁን ሌላውን ልጻፍ።

በ1995 የጻፍሽውን መስመር አላነበብኩላትም። ገብረየስ ሱሉልታ ከጣሪያ ወድቆ ወገቡ ተሰብሮ የተኛበት ዓመት ነበር፤ እሷ ነበረች አብራኝ የምታገላብጠው። አንቺ ከመጣሽ ወደ አንቺ ትሄዳለች ብዬ ፈራሁ። ለብዙ ዓመት ለራሴ የምነግረው ይህንን ነበር፤ ግን የእሱ ሕመም ሰበብ ነው። ቀና ቢል ኖሮም አላነበውም ነበር። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ስትሄጂ እኔ ቤት የምቀር ልጅ ነበርኩ፤ ሁለታችንን ማስተማር አልቻለችም። ፊደል ከለየሁ በኋላ ደብዳቤ ባነበብኩላት ቁጥር "ዓይኔ ነሽ" ትለኝ ነበር። አንቺ ከመጣሽ የማነብላት ደብዳቤ አይኖርም። "ልምጣ?" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ሳልለውጥ ወደሚቀጥለው መስመር አለፍኩ። "ባለሽበት ቆይተሽ ሥሪ" የሚለውንም የጻፍኩት ከራሴ ነው። እሷ ያስጻፈችኝ ሰላምታ ብቻ ነበር።

አታንብቢላት ብለሽኝ ነበር። ነገሩን ሳታውቂ ያልሽው ስለሆነ አልታዘዝኩሽም። የቤቱ እድሳት ባለቀ ማግስት ደብዳቤዎችሽ ያሉበትን የቆርቆሮ ሣጥን ከአልጋዋ ሥር አወጣሁ። ማንበብ ባትችልም እያንዳንዱን በወረቀቱ መልክ ታውቀዋለች። ያንን መርጬ ከላይ ጀመርኩ። መስመሩ ላይ ስደርስ እጇን ክንዴ ላይ አሳረፈች።

"ድገሚው" አለች።

ደገምኩት።

"ይሄን ያኔ አላነበብሽልኝም።"

"አላነበብኩልሽም" አልኳት።

ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ፣ "እኔ አልናፈቅኳትም እያልኩ ነው የኖርኩት" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለወረቀቱ። ሦስተኛ ጊዜ አስነበበችኝ። ስጨርስ ከእጄ ወስዳ አጠፈችውና፣ "ከእንግዲህ አንቺ አታንብቢልኝ" አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

በነጋታው የኦቦ ኢተፋን ልጅ ገነትን አስጠርታ ፍራሿን አስይዛ ወደ ቤትሽ ገባች። ከዚያ ወዲህ ቀንም ማታም እኔ ዘንድ አትመጣም። ቤቱ ስለማይግል የምትመጣበት ምክንያት የላትም። ዳዊት ሊወስዳት ሲመጣ፣ "ጅቡቲ አልሄድም፤ ልጄ የሠራችልኝ ቤት አለኝ" ብላ መለሰችው። ይህ የእሷ ቃል ነው፣ አልጨመርኩበትም አልቀነስኩም። እንደማታምኚኝ ስለማውቅ ዳዊትን ጠይቂው። ለእሷ ስትጽፊም በገነት በኩል ይሁን። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ በደንብ ታነባለች።

ደስታነሽ


ሰበታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለሙሉ፣

አዲሱ ዓመት ከገባ ጥቂት ስለቆየ እንኳን አደረሰሽ ማለቱ ዘግይቷል፤ ቢሆንም ዓመቱ የምታርፊበት እንዲሆን እመኛለሁ።

መልስ ሳላገኝ መጻፌን አትቆጪኝ። ነሐሴ ላይ የላክሽው ፖስታ ደርሷል። ላዩ ላይ "ለእናቴ ለወ/ሮ ገለቴ፣ በገነት ኢተፋ እጅ" ይላል። ዳዊት ልማድ ሆኖበት ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔም ሳልከፍት አደረስኩ። በሩን ዘግተው አነበቡት። ዝናብ ስለነበር ከሰሌኑ ሥር ተጠልዬ ቆምኩ። የገነት ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አክስቴ አንድ ጊዜ ሳቀች። ምን እንደጻፍሽ አልጠየቅኩም። በአስራ አምስት ዓመት ልጅ እቀናለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ከጻፍኩልሽ ይህንንም ጻፍኩልሽ።

ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከተማው ከፍቶ ነበር። ከፋብሪካዎቹ በኩል ጭስ ሲወጣ ከግቢያችን ይታይ ነበር። አሁን አዋጅ ታውጆ መንገዱ ተከፍቷል። በእኛ ሰፈር ሰው አልተጎዳም፣ ቤትሽም ደህና ነው። ዳዊት ሦስት ሳምንት ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ ነገ ይነሳል፣ ለዚህ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ክረምቱ አልፎ ፀሐዩ ተመልሷል። አክስቴ ከሕመሙ ወዲህ እጇ ወደ ላይ አይዘረጋላትም፤ የላይኛውን መስኮት መክፈት አቃታት። ገነት ደግሞ ጠዋት ትምህርት ቤት ናት። ስለዚህ፣ "መስኮቱን እሷ ትምጣና ትክፈተው" ብላ ላከችብኝ። በአስራ ሁለት ሰዓት ሄጄ እከፍታለሁ፣ በሦስት ሰዓት ተመልሼ እዘጋለሁ። "እንደምን አደርሽ" ስላት "እግዚአብሔር ይመስገን" ትለኛለች። ሌላ ቃል የለንም። ሰሌኑን እያስተካከልኩ ትንሽ እቆያለሁ፣ አትከለክለኝም።

ሰኞ ጠዋት ከፍቼ ልወጣ ስል፣ "ያኛውንም ክፍል ክፈቺው" አለችኝ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ተቆልፎ የኖረውን። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። ስገባ አዲስ አልጋ ተዘርግቷል፤ መቼ እንደገባ አላውቅም። በሩ ላይ ሆና ስከፍት አየችኝና፣ "በደንብ ይቀዝቅዝ። ሙቀት ሰልችቷታል" አለች።

የምትመጪበት ቀን መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ቀኑን ከሰማሁ በዚያን ቀን ገነት ትክፈተው፣ እኔ ቤቴ እሆናለሁ። እስከዚያ ግን ክፍሉን በየማለዳው እከፍተዋለሁ፣ በሦስት ሰዓት እዘጋዋለሁ። ፍራሹንም ከላስቲኩ አውጥቼዋለሁ፤ ላስቲክ ያሞቃል።

ደስታነሽ